ጉልበት ያለው ውሻ ሥራ ይፈልጋል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ፣ ከፋርጣም የምትከታተሉን አድማጮቻችን፣ የዛሬው ጉዳያችን ውሻ ነው። የማዳበሪያና የበግ በሽታ ወሬ እያለ ውሻ የሬዲዮ ሰዓት ይወስዳል ወይ ብላችሁ ብትታዘቡኝ አይፈረድባችሁም። ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ። የበጉም በሽታ፣ የልጆቻችሁም ጤና እዚሁ ወሬ ውስጥ ይገባል።

ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሲሠራ የቆየ ልጅ ለበዓል ሲመጣ አንዳንዴ በካርቶን ቡችላ ይዞ ይመጣል። ቡችላው ከወረታ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ብርድ ቀምሶ ንፋስ መውጫ ይወርዳል። «ክልስ ነው፤ አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው» ይባላል። ወይም «የአዳኝ ዘር አለበት» ይባላል። በሁለት ወሩ ሁሉም ያቅፈዋል። ጭራሽ ከልጆቹ ጋር ጋቢ ውስጥ ይተኛል።

ስምንት ወር ሲሞላው ወሬው ይለወጣል። ለጠላ የተሰጣውን ብቅል ይበትናል። የጎመኑን መደብ ይቆፍራል። ዶሮዎቹን ከጓሮ እስከ ደጃፍ ያሯሩጣል፤ አንዷን ይዞም ይገኛል። እንግዳ ሲመጣ ደረት ላይ ይዘላል፤ እንግዳው ነጭ የለበሱ ቄስ ቢሆኑም ግድ የለውም። በዚህ ጊዜ አባወራው ይቆጣና ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ጋር ያስረዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እስኪ እንዲህ የታሰረ ውሻ ያለበትን ግቢ ልብ ብላችሁ እዩ። በዛፉ ዙሪያ፣ ገመዱ እስከሚደርስበት ድረስ፣ ሣር የሚባል የለም። መሬቱ ተረግጦ ተረግጦ ጠንክሯል። በክረምት ያ ክብ ጭቃ ይሆናል። ውሻው ቀኑን ሙሉ በዚያ ላይ ሲዞር ይውላል። አንገቱ ላይ ፀጉሩ ተልጧል፤ አንዳንዴ ቡችላ ሳለ የታሰረለት ማሰሪያ ሳይላላለት አድጎ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። የሚያልፈውን ሁሉ፣ ልጁንም ከብቱንም፣ ገመዱን እየጎተተ ይጮህበታል። ከጥቂት ወር በኋላ ሰዉ «ይኼ ውሻ ከፍቷል፣ ነካሽ ሆኗል» ይላል። እኔ ግን ውሻው አልከፋም ባይ ነኝ፤ ሥራ ፈትቶ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለመረዳት የአባቱን ሥራ ማወቅ ይጠቅማል። ጀርመን ሼፐርድ የሚባለው ዘር በ1899 እ.ኤ.አ. ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የተባለ የቀድሞ ፈረሰኛ መኮንን ከጀርመን ገጠር የበግ ጠባቂ ውሾች መርጦ ማራባት የጀመረው ነው። የእነዚያ ውሾች ሥራ በግ መጠበቅ ብቻ አልነበረም። አጥር በሌለበት አገር መንጋው ከግጦሹ ወጥቶ ወደ እህሉ እንዳይገባ ከማለዳ እስከ ማታ በድንበሩ ላይ መመላለስ ነበር። ላብራዶር የሚባለው ደግሞ መነሻው የካናዳው ኒውፋውንድላንድ ነው። እዚያ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ እየገባ መረብ ይጎትት ነበር፤ በኋላም እንግሊዝ አገር በጥይት የወደቀ ወፍ እያመጣ ለአዳኝ የሚያቀርብ ሆነ። ፖይንተር የሚባለው ቀኑን ሙሉ ሜዳውን እያሸተተ ወፍ ሲያገኝ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው። እነዚህ ሁሉ ቶሎ የሚደክመው እየተተወ፣ የማይደክመው እየተመረጠ በትውልድ የተሠሩ ናቸው።

የእኛን የአበሻ ውሻ ማንም ቁጭ ብሎ አልመረጠውም። የመረጠው ጅብና ብርድ ነው። በትንሽ ምግብ ይኖራል፤ ቀን ጥላ ሥር ተኝቶ ሌሊት ይነቃል፤ ሳያስፈልገው አይሮጥም። እንግዲህ ሁለቱ ሲዳቀሉ የሚወለደው የማንን እንደሚወስድ አስቀድሞ አይታወቅም። ከአንድ እናት በአንድ ቀን ከተወለዱት አንዱ መልኩ ቁርጥ ሼፐርድ ሆኖ ጠባዩ የእናቱ ይሆናል። ሌላው ተራ የሰፈር ውሻ መስሎ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የማይደክመው ይሆናል። ስለዚህ በጆሮውና በቀለሙ አትፍረዱ፤ ጠባዩን እዩ።

ውሻ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ ደግሞ አይደለም። ጃንሆይ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው። ለሉሉ የቤተ መንግሥት ምንጣፍ በቂ ሜዳ ነበር። ችግሩ ለሉሉ የሚሆነውን አያያዝ ለሼፐርድ ክልስ ስንሰጠው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

«ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» ይላል ተረታችን። ዝንጀሮ የሚያስቸግረው ገበሬ ግን በዚህ ተረት ይስቃል። ገብሱ ሲያሽት ማማ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ወንጭፍ ብቻ ይዞ ሲጮህ ከመዋል ጉልበት ያለው ውሻ አጠገቡ ቢኖር ምን ያህል እንደሚቀለው እናንተው ታውቁታላችሁ። ከተማ ለሚኖር ሰው ውሻውን የሚያደክምበት ሥራ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው። እኛ አገር ሥራው ደጃችን ላይ ነው። ማሳ መጠበቅ አለ፤ ከእረኛው ጋር መዋል አለ፤ ሌሊት በረት ማደር አለ።

ነገር ግን ያልተማረ ክልስ በግ ውስጥ መልቀቅ ትልቅ ጥፋት ነው። መንጋውን የሚነዳ እየመሰለው ያባርራል፤ ያረገዘች በግ ሮጣ ሮጣ ትጨነግፋለች። ስለዚህ ከቡችላነቱ ጀምሮ ረጅም ገመድ አስራችሁ ከበጎቹ ጋር አውሉት። ወደ በግ ሲወረወር ገመዱን ያዝ አድርጎ «ተው!» ማለት፤ ሲተው ደግሞ በዚያው ቅጽበት ቁራሽ ዳቦ መስጠት። ዳቦው ከቆየ ለምን እንደተሰጠው አያውቅም።

ለቤት ውሻ ሦስት ቃል ይበቃዋል ባይ ነኝ፤ «ና»፣ «ቁጭ በል» እና «ተው»። ዋናው ነገር የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል መጠቀሙ ነው። አባት «ና» እያለ፣ እናት «ወዲህ» እያለች፣ ልጅ እያፏጨ ከጠራው ውሻው የማንንም አይሰማም። ሌላም አለ። ዶሮ ከያዘ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ና» ብሎ ጠርቶ መደብደብ በጣም የተለመደ ነው። ውሻው ግን በትሩን ከዶሮዋ ጋር አያያይዘውም፤ የሚያያይዘው ከጠራው ሰው ጋር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠሩት የሚሸሸው ለዚህ ነው። ለመምታት ብላችሁ ውሻ አትጥሩ።

በግም ማሳም የሌላችሁ የንፋስ መውጫ ከተማ ነዋሪዎች ደግሞ ማለዳ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት፣ ማታም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በገመድ ይዛችሁት ውጡ። አንድ ዓመት ሳይሞላው ግን ከሞተር ሳይክል ኋላ አታስሩጡት፤ አጥንቱና መጋጠሚያው አልጠናም። ጊዜ ከሌላችሁ አፍንጫውን አሠሩት። ጥቂት ቁራሽ እንጀራ ግቢው ውስጥ፣ እንጨት ክምር ሥርና ድንጋይ ኋላ ደብቃችሁ «ፈልግ» በሉት። እንዲህ ዓይነቱን ዘር ግማሽ ሰዓት ማሽተት ከረጅም ሩጫ ባላነሰ ያደክመዋል። ልጆችም ይወዱታል።

ማሰር ፈጽሞ አይገባም አላልኩም። የገበያ ቀን፣ እንግዳ የሚበዛበት ቀን፣ የድግስ ቀን ይታሰር። ነገር ግን ለሰዓታት እንጂ ለወራት አይሁን። ማሰሪያው ሰፊ ቆዳ ይሁን፤ ከአንገቱና ከማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ቡችላ ቶሎ ስለሚያድግ በየሳምንቱ እዩት። ከሁሉ የሚሻለው ግቢውን ደህና አድርጎ አጥሮ ሌሊት መልቀቅ ነው። ጅብም የታሰረ ውሻ ሲያገኝ ማዕድ እንደቀረበለት ነው የሚቆጥረው።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ልበል። ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ወይም እናቲቱ ስታጠባ ውሻ አይነካም። ይህን ለልጅ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። የማያውቁት ውሻ ሲመጣ አለመሮጥ፣ እጅን ወደ ሰውነት ሰብስቦ ቀጥ ብሎ መቆም። የሚሮጥ ነገር ማባረር ለአዳኝ ዘር ተፈጥሮው ነው። ሕፃን ደግሞ ምንም ያህል የዋህ ቢሆን ከውሻ ጋር ብቻውን አይተውም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ምግቡ እንምጣ። ውሻ አይጾምም። በዐቢይ ጾም ግን እሱም ሳይወድ ይጾማል፤ የቤቱ ምግብ እንጀራና ሽሮ ስለሆነ። ለሰነፉ ውሻ ይህ ብዙ አይጎዳም። ሲሮጥ ለሚውለው ግን ከሳምንታት በኋላ ጎኑ ይቆጠራል። መፍትሔው ቤታችሁ ውስጥ ነው። ጾም ቢሆንም ላሟ ትታለባለች፤ ቅቤ ይወጣል፤ ዓይብ ተለይቶ አጓት ይቀራል። ያ አጓት ከእንጀራ ፍርፋሪ ጋር ለውሻ ጥሩ ነው። የተቀቀለ ባቄላም ይበላል። በአንጻሩ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ አታብዙበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ። የፋሲካ ዶሮ አጥንትም ይቅር፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

አሁን መጀመሪያ ቃል የገባሁላችሁን የበግ በሽታ ላንሳ። አዙሪትን የማያውቅ በግ አርቢ ጋይንት ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በጉ አንገቱን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ይዞራል፤ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል፤ አጥርና ድንጋይ ይመታል። ታርዶ ጭንቅላቱ ሲፈለጥ አንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። ከረጢቱን ወደ ብርሃን ይዞ ላየው ሰው ውስጡ ላይ ነጫጭ ነጥቦች እንደ አሸዋ ተለጥፈው ይታያሉ። እያንዳንዷ ነጥብ የኮሶ ትል ራስ ናት። ታዲያ ያ ጭንቅላት ለማን ይጣላል? ለውሻ። ውሻው ከረጢቱን ሲበላ ነጥቦቹ አንጀቱ ውስጥ ተጣብቀው ያድጋሉ። ከዚያ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ግጦሹ ላይ ይወድቃል። በጉ ሣሩን ግጦ ይውጠዋል፤ እንቁላሉም ተፈልፍሎ ወደ አንጎሉ ይሄዳል። «በጎቼን ቡዳ በላብኝ» የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ የራሱን ውሻ ይመልከት።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ትል ደግሞ ወደ ሰው ይመጣል። በግ ስታርዱ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር አይታችሁ «ይኼስ ለውሻ» ብላችሁ ወርውራችሁት ይሆናል። ከዚያ ውሻ ፀጉር ላይ ዓይን የማያየው እንቁላል ይጣበቃል። ልጁ ውሻውን አሻሽቶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል። ከረጢቱ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም። ስለዚህ ውሃ የቋጠረ ሳንባ፣ ጉበትና የአዙሪት በግ ጭንቅላት ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ውሻውንም የእንስሳት ክሊኒክ ወስዳችሁ የኮሶ ትል መድኃኒት አሰጡት። ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ መጠኑ በክብደቱ ነው፤ በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥ ባለሙያው ይነግራችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ዋናውን ነገር በማስፈራራት መጀመር አልፈልግም፤ ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ነው፤ ከተነከሱትም መካከል ብዙ ልጆች አሉበት። ምልክቱ ሳይታይ ግን ማዳን ይቻላል። በ1885 እ.ኤ.አ. ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ካስከተበበት ጊዜ ጀምሮ ይህ የታወቀ ነገር ነው።

ቫይረሱ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ ላይ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ወይም የበለጠ ይፈጃል። ፊትና አንገት ላይ የተነከሰ ሰው ጊዜው ያጥርበታል። ይህ ጊዜ ነው የእናንተ ዕድል። ውሻ ልጅ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጅ እያለቀሰ የበለጠ ይረዝማል፤ ቢሆንም አታሳጥሩት። ቡና፣ ቅጠልም ሆነ አመድ አታድርጉበት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ክትባቱ በተነገራችሁ ቀናት ሁሉ መጨረስ አለበት፤ ቁስሉ ደረቀ ተብሎ መሃል ላይ አይቋረጥም። ጠበል መጠመቅ የፈለገ ይጠመቅ፤ ጠበሉና ክትባቱ አይጣሉም። መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ብቻ ሄዶ መመለስ ግን የልጅን ሕይወት ማስያዝ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ውሻ ሲነክስ ወዲያው ይገደላል። የራሳችሁ ወይም የጎረቤት ውሻ ከሆነና መያዝ ከተቻለ አትግደሉት። ዝጉበትና 10 ቀን ተመልከቱት። በምራቁ በሽታውን ማስተላለፍ የጀመረ ውሻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ምልክት ያሳያል፣ ይሞታልም። በአሥራ አንደኛው ቀን እየበላና እየጠጣ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ይህን ለሐኪሙ ትነግሩታላችሁ። የተገደለ ውሻ ምንም አይናገርም። እስከዚያው ግን የልጁ ክትባት አይጠብቅም፤ በመጀመሪያው ቀን ይጀመር። ያለ ምክንያት የሚናከስ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ እግሩ የሚጎተት፣ የማታውቁት ውሻ ከሆነ ግን ራሳችሁን ጠብቁ፤ ለቀበሌና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ።

ይህ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ በሚሰጥ የውሻ ክትባት ይቀራል። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይጀመር፤ ከዚያ በየዓመቱ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ እንደሚያጣ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። የአንድ ቤት ውሻ ብቻውን መከተቡ ያንን ቤት ይረዳል፤ የመንደሩ ሁሉ መከተብ ግን በሽታውን ያስወጣል። ስለዚህ ጎረቤታችሁን ቀስቅሳችሁ አብራችሁ ሂዱ።

ጉናን ቀና ብላችሁ የምታዩ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አላችሁ። ቀይ ቀበሮ ድሮ ጉና ላይ ነበር። አሁን የለም። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ካሉባቸው ቦታዎች መካከል ሰሜን ተራሮች፣ አቡነ ዮሴፍ፣ መንዝ ጓሳ፣ ባሌና አርሲ ይገኙበታል። ባሌ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ ከሚታወቁት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። በሽታው የመጣው ከሰው ውሻ ነው። የጉናው የጠፋው ግጦሹና እርሻው ሽቅብ ስለወጣበት ጭምር ነው፤ ሁሉን በውሻ አላሳብብም። ግን ልቅ የተለቀቀ ያልተከተበ ውሻ ተራራ ላይ ሚዳቋ ሲያባርር መዋሉ ለማንም አይጠቅምም።

በመጨረሻ ሕግ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2071፣ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። «ገመዱን በጥሶ አምልጦኝ ነው» ማለት አያድንም፤ ሕጉ ቢያመልጥም ይላል። «ያልታሰበ ነገር ነው» ማለትም እንዲሁ።

ይህን የማነሳው የቤተልሔምና የዙር አምባ አገር ስለሆንን ነው። ድጓውን ፈልጎ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕቱን ፈልጎ ዙር አምባ የመጣ የቆሎ ተማሪ በየቤቱ ደጃፍ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን አኩፋዳውን በአንድ እጁ፣ ዱላውን በሌላው የሚይዘው በእኛው ውሻ ምክንያት ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ ነው፤ ቢነከስ የሚያስታምመው ዘመድ አጠገቡ የለውም። ተማሪ የሚመጣበትን ሰዓት የማያውቅ የገጠር ቤት የለም። በዚያ ሰዓት ክልሱን አስገቡትና ዝጉበት፣ ወይም አንድ ሰው ማሰሪያውን ይዞ ይቁም። ተማሪው ቁራሹን ተቀብሎ ከግቢው ሲወጣ «ቁጭ በል» ያላችሁት ውሻ ቁጭ ብሎ ከቆየ ለእሱም ቁራሽ ስጡት።

በሚቀጥለው ዝግጅት ሴት ውሻ ያላቸው አድማጮች ደጋግመው ለሚጠይቁን ጥያቄ፣ ስለ ማምከንና ስለ ቡችሎች ብዛት እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)